ለአስካለ የሄደ ሽምግልና

የገና ዱላዬ ዛሬም ከበሩ ኋላ ቆሟል። ቆልማማው ጫፍ ተላልጧል፤ መያዣው ላይ የጠመጠምኩት ጨርቅ ቀይ እንደነበር ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ "ምን ይሠራልሻል? አንድጂው!" ይለኛል። አላነደውም። ቤት ስጠርግ ዓይኔ እሱ ላይ ባረፈ ቁጥር ያቺ አንድ ሳምንት ትመጣብኛለች። ሰው ሕይወቱ የሚለወጠው በትልቅ ነገር ይመስለዋል። የእኔን የለወጠው ነገር ምን ያህል ትንሽ እንደነበር ስነግራችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ። አሁንማ እኔም እስቃለሁ።

ስሜ ትዕግስት ነው። ስሙን ያወጡልኝ ሳያውቁኝ ነው። ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የማያስገባ ሆኖ፣ ቢቸና እናቴ ቤት ነበርኩ። እናቴ "እስቲ ቁጭ በይ፤ ወንበሩ እሾህ አለው?" ትለኛለች። የጓደኞቼ ግማሾቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፣ ግማሾቹ አግብተዋል። እኔ የቀረኝ ዱላው ብቻ ነበር።

ገና የወንድ ጨዋታ ነው ይባላል። የትምህርት ቤታችን የባህል ስፖርት ክበብ የሴቶች ቡድን ሲያቋቁም ሰው ሜዳ የሚመጣው ሊስቅብን ነበር። "ማማሰያ የለመደ እጅ!" እያሉ ይጮሁብናል። እውነት ለመናገር ያስቅ ነበር። ዝናቡ ካቆመ ወዲያ የቢቸና ጥቁር አፈር ሲደርቅ ስንጥቁ እግር ይውጣል። ጥንጓ፣ ማለት ያቺ ከእንጨት የተጠረበች ክብ ኳሳችን፣ ስንጥቅ ውስጥ ትገባና ሁለቱም ቡድን ተንበርክኮ በዱላ ይቆፍራል። ያንን ያየ ሰው ቢስቅ አልፈርድበትም። በሁለተኛው ዓመት ግን ሳቁ ቆመ። ሞጣም የሴቶች ቡድን አቋቋመች። ከዚያ በኋላ ለእኛ ገና ማለት ቢቸና ከሞጣ ሆነ።

ሁለቴ ተጋጠምን፤ ሁለቴም አሸነፉን። ምክንያቱ አንዲት ልጅ ነበረች፣ አስካለ የምትባል። ረጅም አይደለችም፣ ፈጣንም አይደለችም። ጥንጓ ግን እየዞረች እሷ እግር ሥር ትመጣለች። እሷም አታቆያትም፤ ወዲያው ለሌላ ትሰጣለች። እኛ አስካለን ስናሳድድ ግቡን የምታገባው ሌላ ልጅ ናት።

እኔ የቢቸና አምበል ነበርኩ። ከፊት የምትሰለፈው፣ ግብ ታገባለች ተብሎ የምትጠበቀው ስምረት ናት። ስምረት ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠች፣ ርእሰ መምህሩን ደጅ ጠንታ ቡድኑን ያስመሠረተች ልጅ ናት። ቀጭንና ዝምተኛ። በሁለቱም ጨዋታ አንድም ግብ አላገባችም።

የውድድሩ ደንብ እንዲህ ነው። ትምህርቷን የጨረሰች ተጫዋች ወደ ሌላ ወረዳ ቡድን መሄድ ትችላለች፤ ግን ሙሉ ለሙሉ ነጻ አይደለችም። ያሳደጋት ቡድን "እነሱ ቃል የገቡላትን እኔም አደርግላታለሁ፤ ትቆይልኝ" ካለ ትቀራለች። እንዲህ ያለችውን ልጅ እኛ "ግማሽ ነጻ" እንላታለን። በዚያ ዓመት አስካለ ትምህርቷን ጨረሰችና ግማሽ ነጻ ሆነች።

ይህን የሰማሁ ዕለት ልጆቹን ሜዳ ላይ ሰበሰብኳቸው።

"አስካለን እናምጣት" አልኩ።

"በማን ቦታ?" አለች ከኋላ የምትከላከለው ዘነቡ።

መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። ስምረት መሬት ላይ ተቀምጣ የዱላዋን ጫፍ በድንጋይ ትሞርድ ነበር። ቀና አላለችም።

"በሚያስፈልገው ቦታ" አልኩ።

"ስሙን ጥሪያ! አንቺ ደግሞ መቼ ነው መሽኮርመም የጀመርሽው?"

"እሺ። በስምረት ቦታ።"

የድንጋዩ ድምፅ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጀመረ።

"የሞጣ ልጅ እኮ ናት!" አለች ዘነቡ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ስታስለቅሰን የኖረችውን ጎትተን 'ነይ ምሪን' ልንላት ነው? ነገ እኛን ሲያዩን ምን ይሉናል?"

"አሸነፉ ይሉናል።"

"ቡድኑን ያቋቋምነው ለመጫወት ነው ወይስ ሰው ለመልቀም?"

"ለማሸነፍ ነው። ለመጫወት ብቻ ከሆነ ቤታችሁ ገበጣ አለላችሁ።"

አንዳንዶቹ ሳቁ፤ አንዳንዶቹ ተቆጡ። ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ ስምረት ተነሥታ አቧራዋን አራገፈች። "እጅ አውጡና ጨርሱት። እኔ አላወጣም" አለችና ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። እጅ ወጣ። ትምጣ ያለው ባንድ እጅ በለጠ። ያቺ አንዷ እጅ የእኔ ነበረች። ያቺ ቀን ብትመለስ ያው አወጣታለሁ፤ ያኔ የማውቀው ያንን ያህል ነበርና።

ለአስካለ የምንሰጣት ነገር አዘጋጀን። ቡድናችንን የምትረዳ አንዲት ልብስ ሰፊ ሙያውን ልታስተምራት ቃል ገባች፤ መኖሪያዋ ደግሞ እኛ ቤት፣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል። ሞጣዎች ይህን ማድረግ አይችሉም ብለን ገመትን።

እንግዲህ እኛ አገር የሰው ተጫዋች በስልክ አይጠየቅም። ለጋብቻ እንደሚደረገው ሁሉ ሽማግሌ ይላካል። አያ ደመላሽ በወጣትነታቸው ገና ሲጫወቱ አንድ ጥርሳቸውን ሜዳ ላይ ትተው የመጡ ሰው ናቸው። ገና ሳልጨርስ "እሄዳለሁ" አሉኝ። ጎረቤታችን መሪጌታ አብረዋቸው ሊሄዱ ተስማሙ። እኔም ተጨመርኩ። ሽማግሌ ሆኜ አይደለም፤ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ስለማልችል ነው።

ቅዳሜ በማለዳ ሚኒባስ ያዝን። ብርዱ የሚያንቀጠቅጥ ነበር። እናቴ ቁርስ ብትለኝ "እመለሳለሁ" ብዬ ወጥቻለሁ፤ ከዚያው ቀን ማታ በፊት እንደማልመለስ ሳላስብ። ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር አያ ደመላሽ ዞር ብለው አዩኝ።

"ስሚ ልጄ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ እህልም አይቀምስም። ቆሞ ነው የሚጠይቅ። ከቀመሰ እንግዳ ሆነ ማለት ነው። እንግዳ ደግሞ ከገባበት ቤት ልጅ ይዞ ልሂድ አይልም። ገባሽ?"

"ገባኝ፣ አያ።"

"ገባኝ አትበይ፤ ስሚኝ።"

"ሰማሁ አልኩ እኮ!"

ሰምቻለሁም። ግን የሽማግሌዎች ነገር ነው ብዬ ነው የሰማሁት። እኔ የማስበው ስለ አስካለ ነበር።

ሞጣ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። የአስካለ እናት እትዬ የዝና ቤታቸው ከሜዳው ብዙም አይርቅም። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቤቱ የሳቸውና የአስካለ ብቻ ነው። ሁለት ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰዎች በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡ። ፊታቸው ላይ መደንገጥ አላየሁም። አሁን ሳስበው፣ ሲጠብቁን ነበር።

"እንዴት አደራችሁ! ግቡ፣ ግቡ፤ ምነው ውጭ ቆማችሁ?"

"እዚሁ ይበቃናል" አሉ አያ ደመላሽ።

"በዚህ ብርድ?"

"ብርዱን ለምደነዋል።"

መሪጌታ ግን ከጓዳ በሚወጣው ሽታ አፍንጫቸው ዞር ሲል አይቻለሁ።

"አስካለ እህል ልታስፈጭ ሄዳለች፤ አሁን ትመጣለች" አሉ እትዬ የዝና። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ እነሱስ ይሁኑ። አንቺ ምነው እንዲህ ተሸማቀቅሽ? ነይማ፣ ይህችን ድስት አብረን እናውርዳት፤ ወገቤን አሞኛል።"

ሰው ወገቤን አሞኛል ሲላችሁ ምን ትላላችሁ? ገባሁ። ድስቷን አወረድን፤ ትንሽ ድስት ናት፣ አንድ እጅ ይበቃታል። የነቢያት ጾም ስለነበር ሱፍ ፍትፍት አቅርበዋል፤ ቃሪያው ጣል ጣል ብሎበት። ሆዴ ጮኸ። እሳቸውም ሰሙት።

"ከቢቸና ድረስ በባዶ ሆድ! እናት የለሽም?"

"አለችኝ።"

"ታዲያ በእናትሽ ሞት!" አሉና ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡት። እጃቸው አፌ ላይ ደርሷል። ፍትፍቱ ይንጠባጠባል። በእናቴ ሞት ተብያለሁ። ጎረስኩ።

በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ገና እያላመጥኩ ሳለ እትዬ የዝና ብድግ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። ወገባቸው ቀጥ ብሏል።

"እንግዲህ ልጃችሁ ከቤቴ እህል ቀምሳለች" አሉ ጎላ ባለ ድምፅ። "እንግዳዬ ናችሁ። ግቡ!"

በበሩ በኩል አያ ደመላሽን አየኋቸው። አፌ ሙሉ ነው። እሳቸው አፌን አዩ፣ ከዚያ ሰማዩን አዩ፣ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። መሪጌታማ ከሳቸው ቀድመው እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል።

ብዙም ሳይቆይ አስካለ የዱቄት ከረጢት ተሸክማ መጣች። ከኋላዋ የሞጣው አሰልጣኝ መምህር ከድር ነበር። መምህር ከድር ከወሎ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። የቢቸና ሽማግሌ መጥቷል የሚል ወሬ ሰምቶ እየሮጠ እንደመጣ ከላቡ ያስታውቃል።

"በግልጽ እንነጋገር" አለ ሳይቀመጥ። "አስካለን ልትጠይቁ ነው የመጣችሁት። ምን ቃል እንደምትገቡላት ንገሩኝና እኛም እንችል እንደሆነ እንይ።"

አያ ደመላሽ የጎረሱትን ዋጡ። "እኛ እንኳ እንዴት ከረማችሁ ልንል ነው የመጣነው።"

"ከቢቸና ድረስ?"

"ናፍቃችሁን።"

"እኔ—" ስል አያ ደመላሽ በክርናቸው ጎሸሙኝ።

መምህር ከድር ግራ ተጋብቶ እትዬ የዝናን አየ። "በልተዋል" አሉት፣ ሁሉንም ነገር እንደሚያስረዳ አድርገው።

"ቢበሉስ? እኔ አገር ሰው ከበላ በኋላ ነው ደህና አድርጎ የሚጠይቀው!"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አያ ደመላሽም ጥርስ በሌለው በኩል ሳቁ። ያልሳቅነው ሁለት ነበርን፤ እኔና አስካለ።

ሚኒባሱ ከሰዓት በኋላ ስለነበር መምህር ከድር "እንግዳ ከሆንሽማ ነይ ተጫወቺ" ብሎ ወደ ሜዳ ወሰደኝ። የተናደደ ሰው ዱላ ሲሰጡት ደስ ይለዋል። ከአስካለ ጋር አንድ ወገን ሆኜ ገባሁ። ጥንጓን ሰጠችኝ፤ ይዤ ሮጥኩ፣ ሦስት ልጆች መካከል ገብቼ ተነጠቅሁ። ደግማ ሰጠችኝ። ደግሜ ተነጠቅሁ። ትንንሾቹን ልጆች "ቦታ ያዙ እንጂ! ምን ትዘፈዘፋላችሁ!" እያልኩ መጮህ ጀመርኩ። ደግሞ ሰሙኝ! መምህር ከድር ከዳር ሆኖ ክንዱን አጣጥፎ ያየናል።

ደክሞን ሣሩ ላይ ስንቀመጥ አስካለ እያየችኝ፦

"ብትጠይቁኝ እሺ እል ነበር" አለች። "ልብስ ስፌት መማር ነው የምፈልገው። እናቴም ታውቃለች። ለዚህ ነው ያጎረሰችሽ።"

ሣሩን መንጨት ጀመርኩ።

"ግን አንድ ነገር አልገባኝም" ብላ ቀጠለች። "እኔን ምን ያደርግላችኋል? ያቺ ቀጭኗ ልጅ አለቻችሁ አይደል?"

"ስምረት?"

"ስሟን አላውቀውም። እኛ እኮ የምንፈራው እሷን ነው። ሁልጊዜ ባዶ ቦታ ላይ ቆማ ነው የማያት። ሁለት ሰው ብናስይዛት እንኳ ታመልጣለች።"

"አንድ ግብ እንኳ አግብታ አታውቅም!"

"ማን ሰጥቷት?"

ሞጣ ከፍታ ላይ ነች፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሣል። ያ ንፋስ ዛሬም ጆሮዬ ላይ ነው። ሁለቱን ጨዋታዎች በልቤ ደገምኳቸው። ጥንጓ እኔ ጋ ናት፤ ስምረት ወዲያ ማዶ ዱላዋን ከፍ አድርጋ ቆማለች። ጥንጓ እኔ ጋ ናት፤ ስምረት ቆማለች። ሁለቱም ጨዋታ እንዲሁ ነበር።

ስንመለስ አያ ደመላሽ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይስቁ ነበር። "ሴትዮዋ በለጠችን። ለዚህ ዓመት አለቀ፤ እንግዳ ሆነን የበላንበት ደጅ ተመልሰን አንጠይቅም" አሉ። መሪጌታ ከኋላ ሆነው "ፍትፍቱ ግን..." ብለው ሳይጨርሱ ተዉት።

ሰኞ ልምምድ ላይ ሁሉም "ምን አሉ?" ብለው ከበቡኝ። "አልሆነም። በልቼ ነው" አልኩ። ዘነቡ ሳቋ ሜዳውን ሞላው። ስምረት አልሳቀችም፤ ደስ አላላትም፣ አልከፋትምም። ጨዋታ ጀመርን። ጥንጓ ስትደርሰኝ ቀና ብዬ አየሁ፤ እንደተባለውም ባዶ ቦታ ላይ ቆማለች። ሰጠኋት። አገባች። ሰጠኋት። አገባች። ሦስተኛው ላይ ወደ እኔ መጥታ "አሞሻል እንዴ?" አለችኝ። አስካለ ያለችውን ልነግራት አፌ ላይ መጣ። ግን ከዚያ በፊት ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁት "ምንም" አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ሰጠኋት፤ ሳምንቱን ሙሉ ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ሦስት ጋቢ የለበሱ ሰዎች ቆመዋል። መካከል ላይ ያለው መምህር ከድር ነው። ጋቢው እንዳይወርድበት በሁለት እጁ ይዞታል።

"ግቡ" አለች እናቴ።

"አንገባም።"

"እህል ቅመሱ።"

"እሺ ሳትሉን አንቀምስም" አለ መምህር ከድር፤ ሆዱ ግን ሲያጉረመርም ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። "ልጅዎን ልንጠይቅ ነው። ለእኛ ትጫወት፤ ትንንሾቹን ልጆች ከእኔ ጋር ታሰልጥን። እትዬ የዝና ቤት ትኖራለች፤ ራሳቸው ናቸው ይዛችኋት ኑ ያሉን።"

አዎ፣ እኔም ትምህርት ጨርሻለሁ። እኔም ግማሽ ነጻ ነበርኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ ራሴ አስቤው አላውቅም።

እናቴ አየችኝ። ሰው ፈልጎኝ ሲመጣ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ልሂድ ወይስ ልቅር ብላ አልጠየቀችኝም፤ ፊቴ ላይ አይታዋለች። "እኔ እሺ ብያለሁ። ቡድኗ ግን ይናገር" አለች።

ቡድኑ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ርእሰ መምህሩም መጡና "የትንንሾቹን ሥልጠና እዚህም ልንሰጣት እንችላለን፤ ቡድኑ ትቆይልን ካለ" አሉ። አምበሉ እኔ ስለሆንኩ ስለ ራሴ መናገር አልችልም። ከእኔ ቀጥላ የምትናገረው ስምረት ናት።

ነፋስ አልነበረም። ስምረት ዱላዋን ተደግፋ አየችኝ። "ትቆይልን" ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ትበል ወይስ አትበል፣ እኔ ራሴ የትኛውን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር።

"ትሂድ" አለች።

ይኸው ነው። አንድ ቃል። መምህር ከድር እናቴ ቤት ተመልሶ ከሁሉ ቀድሞ እጁን ታጠበ።

የገና ዕለት ለሞጣ ተሰልፌ ቢቸናን ገጠምኩ። ከአስካለ ጋር ጥሩ ተጫወትን። ግን መጨረሻው አካባቢ ዘነቡ ጥንጓን ወደ ባዶ ቦታ መታቻት፤ እዚያ ማን ቆሞ እንደነበር አትጠይቁኝ። ቢቸና ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈን። ስምረት በአጠገቤ ስትመለስ ጠጋ ብላ "አየሽ፣ ሲሰጡኝ?" አለችኝና አለፈች።

ከገና በኋላ አስካለ ቢቸና ወርዳ በእናቴ ቤት፣ በእኔ አልጋ ላይ እየተኛች ስፌት ተማረች። ማንም ሽማግሌ አልላከም። እትዬ የዝና ናቸው ከረጢቷን ተሸክመው ሚኒባስ ያሳፈሯት። "አንዷን ወስጄ አንዷን ብከለክል እግዜርስ ምን ይለኛል" አሉ። እኔ ይህን የምጽፍላችሁ ሞጣ ሆኜ ነው። ያሰለጠንኳቸው ትንንሽ ልጆች አሁን ከእኔ ይበልጣሉ፤ በቁመትም በአፍም።

ሰው ሲጎድለን ቶሎ ብለን ወደ ጎረቤት እንመለከታለን። አስካለ ብትመጣ እናሸንፍ ነበር ወይ? እኔ እንጃ። ለእሷም አልሰጣት ነበር ይሆናል። እናንተም ከጎናችሁ ዱላውን ከፍ አድርጎ የቆመ ሰው ካለ እስቲ ቀና ብላችሁ እዩት። ምክር መስጠት አልወድም፤ ይህቺን ግን ውሰዱልኝ።

አሁን የቢቸናና የሞጣ መንገድ እንደዚያ ጊዜ አይደለም፤ ሰላም ከጠፋ ወዲህ ተዘግቷል። በማለዳ ተነሥቶ፣ ደብረ ወርቅ ላይ ሻይ ጠጥቶ፣ ለጨዋታ ሄዶ ማታ ቤት መግባት የቀረ ነገር ሆኗል። ሁለቱ ቡድኖች ከተገናኙ ቆዩ። ስምረትን የማገኛት ኔትወርክ ሲኖር በስልክ ነው። ባለፈው ገና ደወልኩላትና እስከዛሬ ሳልጠይቃት የኖርኩትን ጠየቅኋት።

"ያን ዕለት ለምንድን ነው ትሂድ ያልሽው? ተቀይመሽኝ ነው?"

"ተቀይሜሽ ነበር" አለች፣ ሳታስብ። "ግን ለሱ አይደለም። ብትቀሪ አምበል ነበርሽ። ጥንጓን መልሰሽ ለብቻሽ ታደርጊያት ነበር።"

"ሳምንት ሙሉ ሰጥቼሽ የለም እንዴ!"

"ሳምንት ነዋ!"

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ድምፅዋ ራቀ፤ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"ትዕግስት" አለች። "ዱላሽን አንድደሽዋል?"

"አለ። በሩ ኋላ።"

"እንዳታነጂው። መንገዱ ሲከፈት ይዘሽው ነይ። አንድ ጊዜ እንኳ አንድ ወገን ሆነን በደንብ እንጫወት።"